ልብስ ሰፊው ረጀብ ያወቀውና ያልተናገረው

በከሚሴ፣ ከደሴው አስፋልት ወደ ገበያው ገባ ሲሉ ባለው የልብስ ሰፊዎች መደዳ፣ ረጀብን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ሱሪው ተቀዶ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት የእግር ስፌት መኪና ላይ ተቀምጧል። መኪናዋም እሱም አርጅተዋል፤ ሁለቱም ሲነሡ ይንቋቋሉ፣ ሁለቱም ግን የመጣ ሥራ አይመልሱም። መነጽሩ በአንድ በኩል እጀታ የለውም፤ በጥቁር ክር አስሮ ጆሮው ላይ ጠምጥሞታል። «የከሚሴን ሰው ሁሉ አልብሰህ መነጽርህን ራቁቱን ተውከው» ይሉታል። ይስቃል። ረጀብ ሲበዛ ሳቂታ ነው፤ ሲለካ ይስቃል፣ ሲሰፋ ይስቃል፣ ደንበኛ ሲቆጣውማ ይብስበታል።

የተወለደው ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። አባቱ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን እርሻ መሀል ልጃቸው በሬዎቹን አቁሞ የበሬውን የጀርባ ቁስል የሚሸፍን ጨርቅ ሲሰፋ አገኙት። ስፌቱን አገላብጠው አዩና «ይሄስ ለኔ አልተፈጠረም» ብለው ደሴ ለሚኖር ልብስ ሰፊ ዘመዳቸው ሰጡት። ከደሴ ሙያውን ይዞ ከሚሴ ገባ፤ ዓዲላን አገባ፤ ሦስት ልጆች ወለደ። ዓዲላ ከስድስት ዓመት በፊት ታማ ወደ አኼራ ሄደችበት። ያን ጊዜ ሰው ሳያፍር አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ልጆቹን አየና «አልሀምዱሊላህ» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ትልቁ ልጅ ሙስዐብ ባጃጅ ይነዳል። ቀጥላ የተወለደችው ዓፊያ አስተማሪ ናት፤ የአባቷን ቤት የያዘችው እሷ ናት። የመጨረሻው ኸይረዲን እጁ ወደ አባቱ ያደላ፣ ሱቅ ውስጥ ሁለተኛዋን መኪና የያዘ ጎልማሳ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ረጀብ ሱቅ በር ላይ ጫት እየቃሙ የሚጫወቱበት በርጫ አለ። ከመንገዱ ማዶ የእህል ሱቅ ያለው ሃጅ ዓብዱ ይመጣል፤ ጫማ የሚያድሰው ሙሳ ይመጣል፤ ሙአዚኑ ሸህ ሙሐመድም ጉልበታቸውን እየረገሙ ይመጣሉ። ጨዋታው ሞቅ ሲል አንዱ «በል እስቲ ረጀብ፣ ያቺን ቂሳህን» ይላል። ረጀብ ዓሊም አይደለም። አንዲት ቂሳ ግን አለችው፤ የነቢዩላህ ያዕቁብና የልጃቸው የዩሱፍ ቂሳ። እሷን ሸህ ሙሐመድም ለሱ ትተውለታል። ዓሊሞቹ በተፍሲር ይተርኳታል፤ ረጀብ የሚተርካት እንደ ልብስ ሰፊ ነው።

«አሥር ወንድማማች» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ «አሥር ጎልማሳ ተማክረው ዩሱፍን ጉድጓድ ጣሉት። ከዚያ እያለቀሱ ወደ አባታቸው መጡና ‹ተኩላ በላብን› አሉ። ማስረጃ ብለው ምን አመጡ? ቀሚሱን፣ የውሸት ደም ቀብተው! አሁን እኔን የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ከአሥር ሰው አንድ እንኳ ልብስ የሚያውቅ ይጥፋ? አንዳቸውም ‹ኧረ ጎበዝ፣ ቀደድ ቀደድ እናድርገው፤ ተኩላ ልብስ አስወልቆ አይበላም› አላለም! ነቢዩላህ ያዕቁብ ቀሚሱን ተቀብለው አዩት። ኮሌታው ደህና፤ እጅጌው ደህና፤ ጠርዙ ደህና። ‹ይሄ ተኩላ ምን ያለ ጨዋ ነው፣ ልጄን በልቶ ቀሚሱን ያልነካ› አሉ።»

ሁሌም እዚህ ላይ ሃጅ ዓብዱ ጭኑን እየመታ ይስቃል። ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሺህ ጊዜ ይስቃል። ረጀብም ይስቃል። ነቢዩ ልጆቻቸው እንደዋሿቸው እያወቁ «መልካም ትዕግሥት ነው ያለኝ» ማለታቸውን ሲናገር ብቻ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋል።

ታዲያ በአንድ የመውሊድ ሰሞን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ኸይረዲን «ባቲ ገበያ ሄጄ ጨርቅና ክር ልምጣ» አለው። ረጀብም መረቀው፤ የክሩን ቀለም ሁሉ ቆጥሮ ነገረው። ማታ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሙስዐብ ባቲ ድረስ ሄዶ ሲያጠያይቅ፣ ኸይረዲን ከሌሎች ስምንት ጎልማሶች ጋር ደላላ ይዟቸው በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩም ወዲያ ወደ ዐረብ አገር ለመሻገር እንደሄደ ሰማ። ገና ሲነሣ አስቦት ኖሯል። አባቱን ፊት ለፊት ዋሽቶት፣ ምርቃቱንም ተቀብሎ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። አብረውት ከሄዱት መሀል ባሕሩ የበላው አለ ተባለ፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ዘጠኝ ወር እንዲህ ሆኖ አለፈ። ረጀብ ሳቁ ጠፋ። ለሙሳ የሰፋለት ሱሪ አንዱ እግር ካንዱ በአራት ጣት አጠረ፤ ሙሳም እንደ ጓደኛ ምንም ሳይል ለበሰው። ሐሙስ ሐሙስ በርጫው አለ፤ ቂሳዋን ግን ማንም «አውጣት» አይለውም። ዓፊያ ምሳ ታቀርባለች፤ እሱ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ «ጠገብኩ» ይላል። ሸሚዙ ውስጥ ሰውየው እያነሰ፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እየተበሳ ሄደ።

የዐረፋ ጠዋት፣ ከዒድ ሶላት ሲመለስ፣ ሁለቱ ልጆቹ ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አባ! ኸይረዲን ደወለ!» አለ ሙስዐብ።

ጅዳ ነው አሉት። ሰላም ነው፣ የሚሠራው እርሻ ላይ ነው፣ የሰው ስልክ ስለሆነ ብዙ ማውራት አልቻለም አሉት። ከዚያ ለበዓሉ ከጅዳ በመጣ ሰው እጅ ልኮልዎታል ብለው ነጭ ጀለቢያ ሰጡት። ረጀብ ጀለቢያውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። አላህን አመሰገነ። ከዚያም፣ እጁ የለመደውን እንዴት ይተዋል፣ ጀለቢያውን ገለበጠና ስፌቱን ማየት ጀመረ።

የጎኑ ስፌት ጥሩ ነው። ጠርዙ ጥሩ ነው። አንገቱ ላይ በዐረብኛ የተጻፈች ማርካ አለች። ማርካዋ ግን በመኪና የተሰፋች አይደለችም፤ በእጅ ነው የተሰፋችው። ክሩ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው ሲዘመዝም ክሩ በአንድ በኩል ያዘነብላል፤ ግራ እጁ የሚቀናው ሲዘመዝም በተቃራኒው። በከሚሴ እንዲህ አድርጎ የሚዘመዝም ሰው ረጀብ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። በሰባት ዓመቷ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መርፌ ሲያስይዛት፣ ቢቆጣት ቢለምናት ወደ ቀኝ እጇ አላዞር ያለችው ዓፊያ።

ቀና ሲል ሁለቱ ልጆቹ ፊቱን ያያሉ። ሙስዐብ ከንፈሩን ነክሷል። ዓፊያ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

በዚያች ቅጽበት ረጀብ ብዙ ነገር አሰበ። ጀለቢያው ውሸት ከሆነ የስልኩም ነገር ውሸት ነው። የስልኩ ነገር ውሸት ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው፤ ወይ እነሱም እንደኔ ምንም አያውቁም፣ ወይ የኸይረዲንን ሞት ሰምተው መርዶውን ደብቀውኛል። የቱ ነው? መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ግን ቢጠይቅ መልሱን መስማት ሊኖርበት ነው፤ እሱን ደግሞ ፈራ። የጠረጠረውን ዋጠና ጀለቢያውን ለበሰው።

«ልክ ነው» አለ እጅጌውን እየሳበ። «ልጄ ልኬን አልረሳም።»

ሙስዐብ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው። በዓሉ ደመቀ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሆነውን ቢያዩት ያስቃል። ልጆቹ አባታቸውን ይዋሻሉ፤ አባትየው ያልሰማ መስሎ ይዋሻቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ ኸይረዲን «ይደውላል»፤ ሁልጊዜም አባቱ ሱቅ ሳለ ነው የሚደውለው። ሙስዐብ ውሸት አይሆንለትም። «ምን ይበላል አለ?» ሲሉት ሁልጊዜ «ሩዝ» ነው። ዓፊያ ትሻላለች። አንድ ቀን «ጥርሱን አሞት ነበር፣ አሁን ተሻለው» አለችው፤ ረጀብም ውሸት መሆኑን እያወቀ ለዚያ ጥርስ ሦስት ቀን ሙሉ ዱዓ አደረገ። ወደ ልጁ መልእክት ይልካል፤ «ሶላትህን አትተው በሉልኝ፣ ፀሐይ ላይ ባዶ ራስህን አትቁም በሉልኝ» ይላል። እነሱም «እሺ ብሏል» ይሉታል። ጀለቢያውን ደግሞ ለመደዳው ሁሉ «ልጄ ከጅዳ ላከልኝ፣ ይደውልልኛልም» ብሎ አሳየ፤ ልጆቹ ሊያፍሩ አይገባማ።

የሚገርመው፣ እየቆየ ጨዋታው ለራሱም በጀው። ልጆቹ ሲበላ ደስ ስለሚላቸው መብላት ጀመረ። እነሱን ደስ እንዲላቸው ሳቀ፤ ሳቁም ቆይቶ የእውነት ሆነ። ሱሪ ሁለት እኩል እግር ኖረው። ሐሙስ ላይ ሃጅ ዓብዱ ደፍሮ «ቂሳህስ?» ቢለው ተረከው፤ ተኩላው ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጀለቢያውን እንደለበሰ እሱም አብሮ ሳቀ።

የማይስቅባት አንዲት ሰዓት ነበረች፤ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለችው። በኛ አገር የሞት ወሬ ማታ አይነገርም። ባለ መርዶው ይተኛ፣ እህል ይቅመስ ይባላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ እሱ ሳይሰማ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ ረጀብ በየማለዳው መስጊድ ውስጥ የሰዉን ዓይን ያያል፤ ዓይኑን የሚሸሽበት ሰው አለ ወይ ብሎ። ቤቱ ሲመለስ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ እስክትወጣ የእግር ኮቴ ያዳምጣል። ፀሐይ ስትወጣ «አልሀምዱሊላህ፣ ዛሬም አልመጡም» ይልና ሥራው ይሄዳል። ስምንት ወር እንዲህ ኖረ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወገቡን ስላመመው ሱብሒን እቤቱ ሰገደ። መስገጃውን ሳያጥፍ የእግር ኮቴ ሰማ። የአንድ ሰው አይደለም። በሩ ተንኳኳ።

ከፈተው። ፊት ለፊት ሸህ ሙሐመድ ናቸው። ከኋላቸው ሃጅ ዓብዱ። ከዓብዱ ኋላ ሙሳ። ከነሱም ወዲያ ሌሎች ሦስት የመደዳው ሰዎች፣ ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ረጀብ» አሉ ሸህ ሙሐመድ። «እስቲ ግባና ተቀመጥ።»

ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል? ያለበት መሬት ላይ ዘጭ አለ። ከአንደበቱ የወጣው «ኢና ሊላሂ…» ብቻ ነው። ዓፊያ ከጓዳ ብቅ ስትል ሽማግሌዎቹን አየች፤ መሬት ላይ ያለውን አባቷን አየች፤ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሙስዐብ ጫማ ሳያደርግ ከክፍሉ ወጣና ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታቸው ዙቤይዳ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ እሷም ጮኸች። የዙቤይዳን ድምፅ የሰማ ደግሞ ማዶ ጮኸ። በአንድ አፍታ መንደሩ ሁሉ ለቅሶ ሆነ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሸህ ሙሐመድ ግራ ገብቷቸው። «ዝም በሉ እንጂ! ማን ሞተ አላችሁ?»

ሃጅ ዓብዱ ሽማግሌውን ገፋ አድርጎ ረጀብ ፊት ተንበረከከና ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው። «ረጀብ! ስማኝ! ኸይረዲን ጂራ! ሉቡን ጂራ! በሕይወት አለ እኮ!»

«ማል ጄታ?» አለ ረጀብ። «ምንድን ነው የምትለው?»

«አለ! ትናንት ማታ ለኔ ደወለ! ወደ አገሩ ሊመለስ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኸይረዲን ባሕሩን እንደተሻገረ ስልኩን ዘርፈውታል፤ ድንበር ላይ ተይዞ እስከ አሁን እስር ቤት ኖሯል። አሁን ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ አገራቸው ሊመልሷቸው ሲሉ ስልክ አገኘ። የማንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም፤ አንድ ቁጥር ግን ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ቀና ባለ ቁጥር ፊት ለፊት የሚያየውን፣ ሃጅ ዓብዱ ሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፈውን።

«ታዲያ ትናንት ማታ ሰምታችሁ እስከ አሁን?» አለ ሙስዐብ።

ሸህ ሙሐመድ ተቆጡ። «ይህን የሚያህል ወሬ ለወላጅ በጨለማ ይነገራል እንዴ? ተሰብስበን፣ ተማክረን፣ በወጉ መጣን!»

እነዚህ ደጋግ ሰዎች ትልቅ ወሬ ይዞ መምጣት የሚያውቁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ደስታም ቢሆን በዚያው መንገድ አመጡት፤ ሰውየውን ሊገድሉት ምንም አልቀራቸውም። ዙቤይዳ ለቅሶዋን መሀል ላይ አቁማ እልል አለች፤ መንደሩም ተከተላት።

ሁሉም ሲረጋጋ፣ ረጀብ ግድግዳ ተደግፎ ውሃ ሲጠጣ፣ ሙሳ ዓይኑ ምስማር ላይ የተሰቀለው ነጭ ጀለቢያ ላይ ዐረፈ። ሙሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያሰበው ግን ሆዱ ውስጥ አይቆይለትም።

«ቆይ እንጂ» አለ። «ኸይረዲን ይሄን ሁሉ ጊዜ ከታሰረ፣ ይሄን ጀለቢያ ከጅዳ ማን ላከው? ይደውልልኛል ስትለንስ አልነበረም?»

የዓፊያ ፊት ደም የሚባል አልቀረውም። ሙስዐብ አቀረቀረ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሁለቱ ልጆች መዞር ጀመሩ። በዚያ መደዳ አባቱን የዋሸ ልጅ የጎደፈ ስሙ ቶሎ አይጠራም፤ ረጀብም ይህን ያውቃል። አርባ ዓመት በሱ አፍ ሲሳቅባቸው የኖሩትን የዩሱፍን ወንድሞች የሚያውቅ ሁሉ ዛሬ ልጆቹን በነሱ ዓይን ሊያያቸው ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ረጀብ።

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ። ልጁ ጠፋ ስትሉኝ ሆዴ አልችል አለ። ጀለቢያውን ራሴ ገዛሁት፤ ማርካውን ራሴ ሰፋሁበት። ደወለ ያልኳችሁም እኔው ፈጥሬ ነው። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ሸህ ሙሐመድ ረጅም ጊዜ አዩት። ወደ ዓፊያም አዩ፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። የተረዱት ነገር ቢኖር አልተናገሩም። «አፉ ብለናል» አሉ። «አላህም ይበልህ።» ሙሳ ግን ሳቁን መቻል አልቻለም። «አንተም ዋሸህ? አንተም!» እያለ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ረጀብም ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ።

ያን ጊዜ የሃጅ ዓብዱ ስልክ ጮኸ። ዓብዱ ተሽቀዳድሞ ለረጀብ ሰጠው። ከሩቅ፣ ከብዙ ሰው ጫጫታ መሀል፣ «አባ» የሚል ድምፅ መጣ። ረጀብ ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ያዘ። አሥራ ሰባት ወር ያጠራቀመው ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ።

«በልተሃል ወይ?» አለ መጨረሻ ላይ። ቀጥሎም ሳያስበው፣ «ጥርስህንስ ተሻለህ?»

«ጥርሴን? ጥርሴን አሞኝ አያውቅም እኮ፣ አባ።» ከዚያ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። «አባ፣ ባቲ ነው ብዬ ዋሽቼዎት…»

«ተወው እሱን። ና ብቻ። ና፣ ልጄ።»

ሽማግሌዎቹ ቁርስ ቀምሰው፣ መርቀው ሄዱ። ሙስዐብም ሸህ ሙሐመድን በባጃጁ ሊያደርስ ወጣ። ዓፊያ ጀለቢያውን ከምስማሩ አወረደች፤ አንገቱን ገልብጣ ማርካዋን አየች፤ መጥታ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አለችው።

«ከዚያው ከዐረፋ ጠዋት። ክርሽ ወደ ግራ ነው የሚያዘነብለው፣ ልጄ። ስንት ዓመት ነገርኩሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉን? ለምንስ ዛሬ በራስዎ ላይ አደረጉት?»

ረጀብ መነጽሩን አወለቀ። «ከያዕቁብ ቂሳ በርጫ ላይ የማልተርካት አንዲት ነገር አለች» አላት። «ልጆቻቸው ከዋሿቸው በኋላ ነቢዩ ፊታቸውን ከነሱ አዞሩ። ለዩሱፍ ለብቻቸው አለቀሱ፤ ዓይናቸው እስኪነጣ አለቀሱ። እሷን መተረክ አይሆንልኝም። እሳቸው ነቢይ ናቸው፤ የሚያጽናናቸው አላህ ነበረ። እኔ ግን ሰው ነኝ። ኸይረዲን የለም። ከእናንተም ፊቴን ካዞርኩ ማንን አያለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ዓፊያ ጀለቢያውን ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ደግሞም አያችሁ ነበር» አለ። «እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ስፈራ አንቺ ጓዳ ትፈሪያለሽ። እኔስ በልቤ አለቀስኩ። አንቺ ግን እኔ እንዳላውቅ ብለሽ ለወንድምሽ አንዲት ዕንባ ሳታወርጂ ስምንት ወር አለፈሽ። አሁን እሱ በሰላም ይመጣል። አልቅሺ።»

ዓፊያ ግንባሯን አባቷ ጉልበት ላይ ደፍታ አለቀሰች። ረጀብም እጁን ራሷ ላይ አድርጎ፣ የሱቅ ሰዓት ሲያልፍበት፣ እስክትጨርስ ድረስ ተቀመጠላት።